ብርቄና እህቶቿ፦ የጠፋ ስም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ጠዋት 2 ሰ.

ሱቁን ከፈትኩ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረ ገጻችንን ከፈትኩ፤ መኸር ሲደርስ ሁልጊዜ እንደማደርገው። ብርቄና እህቶቿ፣ የእነ አክስቴ የቡና ስም፣ የለም። በቦታው ኳስ። አረንጓዴ ሜዳ። የሚያብለጨልጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ተወራረድ የሚል። ሆሄ የሳትኩ መስሎኝ አድራሻውን ደግሜ ጻፍኩ። ያው ኳስ።

ተማሪ መጣ። ወረቀቱን ገልብጬ አስገብቼ ባዶ ገጽ አተምኩለት። ሳቀ። ለአንተ ለማስታወሻዬ ብቻ ልናገር፦ ሂሳቡን ሳልቀበል ሸኘሁት።

ከሰዓት

በረከት ጋ ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ፣ ሐዋሳ ያለው። ገጹን የሠራልን እሱ ነው። ነገርኩት። የስሙ ክፍያ የሚያበቃው ግንቦት ነው ብሎኝ ነበር፣ ግንቦት ሲደርስ እናሳድሳለን ብለን ነበር። እስኪ ቆዪ አለ። ቆየሁ። ከዚያ ድምፁ አነሰ።

እንዲህ ነው የሆነው። ስሙን ያስመዘገብንበት ድርጅት የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2025፣ ወር 9። በረከት ከዓመተ ምሕረቱ ሰባት ቀንሶ 2018 አደረገው። ጎበዝ። ወሩን ግን እንዳለ ወሰደው። ዘጠነኛ ወር፣ ግንቦት። የፈረንጅ ዘጠኝ የእኛ መስከረም መሆኑን ረሳ። ግማሹን ቀየረ፣ ግማሹን ተወ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው!

ሰደብኩት። ቀጥዬ እኔም አለመጠየቄን አሰብኩ። ስድቡን ግን አላነሳሁለትም።

ጥቅ. 4፣ ማክሰኞ

ማስጠንቀቂያ ልከው ነበር ይባላል። የላኩት በዚያው ስም ወዳለው የኢሜይል ሣጥን። ሣጥኑን ክረምት አንከፍተውም፤ በክረምት ማን ስለ ቡና ይጽፋል?

የይለፍ ቃሉ ጠፍቶናል። አዲስ ጠየቅኩ። ልከናል አሉ። የት? እዚያው ሣጥን። ሣጥኑ ከስሙ ጋር ሞቷል። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው፣ ያ ነኝ። በገዛ ደጄ ቆሜ አንኳኳለሁ።

የሚያስፈራኝን ልጻፈው፣ ሲጻፍ ያንሳል። ይርጋጨፌ አጠገብ ዱመርሶ የሚባል መንደር አምስት ሴቶች አሉ፣ እነ አክስቴ። ሦስቱ ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱ ባል ያለባቸው፤ አባባሉ ከአምስቱ የአንዷ፣ የወርቄ ነው። ድሮ የቡናውን እሸት ቀይ እንደሆነ ለሰብሳቢው ለአቶ ደገፉ ያስረክቡ ነበር፤ እሱ ከሌላው ሰው ቡና ጋር ቀላቅሎ ይጭነዋል። አሁን ራሳቸው የሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቀው፣ በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። የሚገዛቸው አንድ የውጭ ሰው ነው። ያገኛቸው በገጹ። በየመኸሩ መጀመሪያ ይጽፋል። አንዴ በሐሰተኛ አድራሻ ተታሎ ያውቃል፤ ከዚህ ስም ካልመጣ አልመልስም ብሎናል። ከራሴ ኢሜይል ጻፍኩለት። ዝም።

ስሙ ካልተመለሰ ገዢ የለም። ገዢ ከሌለ፣ አቶ ደገፉ አለ።

ጥቅ. 8፣ ቅዳሜ

ዱመርሶ። ከይርጋጨፌ በሞተር፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። እንዴት እንደምነግራቸው መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩ። በከንቱ። ወንጌላዊው በስልኩ አይቶ ቀድሞኛል። ብርቄና እህቶቿ ቁማር ቤት ከፈቱ ተብሏል። አክስቴ ብርቄ (ከእንግዲህ አ.ብ.) ከመዘምራን ፊት ቆማ የምትዘምር ሴት ናት።

ተቆጣች። በእኔ አይደለም። ስሜን ማን ሰጠው ትላለች። ማንም አልሰጠውም፣ ጊዜው አልፎ ነው አልኳት። ስም ጊዜ ያልፍበታል ወይ? ቤት ኪራይ ነው? ጭቃውን ከጫማዬ ፋቅኩ። በጌዴኦኛ ስትጠይቀኝ የሚሠራ ነገር እፈልጋለሁ።

ወርቄ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ጥርሷን ትፍቃለች። «ቁማሩ ይበላል ወይስ ያበላል? የሚያበላ ከሆነ እኮ ተዉት» አለች። ሁሉም ሳቁ፣ ከአ.ብ. በቀር። ከዚያ አ.ብ.ም።

ስመለስ ቃል ገብቼ ወጣሁ። ምን እንደገባሁ አላውቅም።

ጥቅ. 13፣ ሐሙስ

ኳሱ ጠፋ። አሁን ምንም የለም፤ ነጭ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ።

ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ተነጋገርኩ። ጨዋ ነው። ስሙ መቆያ ላይ ነው አለ፤ እስከ ኅዳር መጀመሪያ መልሶ መውሰድ የሚችል የቀድሞው ባለቤት ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ ይጣላል፣ የቀደመ ያነሳዋል። ባለቤት መሆንሽን አሳዪ አለ። መታወቂያና፣ በስሙ ስትሠሩበት እንደኖራችሁ የሚያሳይ ነገር።

ስንሠራበት የሚያሳይ! አምስት ሴት፣ ሙሉ ዕድሜ።

መብራት ሄደ። ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ።

ጥቅ. 18፣ ማክሰኞ

ፎቶ ለማንሳት ዱመርሶ። ስማቸው የታተመበትን ጆንያ ይዘው በማድረቂያው አልጋ ፊት እንዲቆሙ ጠየቅኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዷ ነጠላ ልቀይር ብላ ሄደች፣ አስጠበቀችን። ወርቄ ጆንያውን ገልብጣ ይዛለች፤ ፊደሉ ተዘቅዝቋል። ሳርማት እኔን ዘቅዝቀሽ አንሺኛ አለች።

ፈገግ በሉ አልኩ። አ.ብ. እምቢ። የተሰረቀበት ሰው ይስቃል እንዴ? ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ ትስቂያለሽ?

ፎቶውን አሁን እያየሁት ነው። አምስት የተቆጡ ፊቶች። አምስት ጆንያ። ከጀርባቸው ቡናው መቅላት ጀምሯል። ገጹ ላይ ከነበረው የፈገግታ ፎቶ ይህ ይበልጣል። ከመታወቂያዬ ጋር ለድርጅቱ ላክሁት። ማብራሪያ አልጨመርኩም።

ጥቅ. 23፣ እሑድ

ተቀበሉ! የይለፍ ቃሉ ወደ እኔ ኢሜይል መጣ። ገባሁ። ስሙ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ታማሚ። ከጎኑ መመለሻ ቁልፍ። ተጫንኩ። ካርድ አስገቢ አለኝ። በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ። የለኝም። በረከትም የለውም፤ ያኔ በሰው ካርድ ነበር የከፈለው፣ እሱም ጊዜው አልፎበታል።

ከትናንት ወዲያ ከባንክ እንዲህ ያለ ካርድ ጠይቄ ነበር፣ ያኔ ለማንኛውም ብዬ። ማመልከቻው አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሲመጣ እንደውላለን። መቼ? ሲመጣ።

ዲላ ትንሽ ከተማ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አቶ ደገፉ መኪናውን አቆመ። ሰማሁ አለ፣ አዘንኩ አለ፣ አባትሽ ወዳጄ ነበር አለ። የልጁ ካርድ አለ፤ ዛሬውኑ ይከፈላል፣ ችግር የለም የኔ ልጅ። ብቻ ዘንድሮ እሸቱ ወደ እሱ ይግባ። ለአንድ ዓመት። ስሙ እኮ ይኖርላችኋል።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ለምን እግዜር ይስጥልኝ አልኩት? እስካሁን ይበላኛል።

አየህ፣ ስሙን ይመልስልናል፤ በስሙ የሚሸጠውን ይወስዳል። ባዶ ጆንያ ላይ የታተመ ስም።

ጥቅ. 27፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ሳላሳምር። የሚወስኑት እነሱ ናቸው አልኩ፤ በሆዴ ግን እሺ ይላሉ ብዬ ፈርቻለሁ። እሸቱ ቀልቷል፣ አይጠብቅም። ማድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ገዢ ካልመጣ የደረቀውን የትም አያደርሱትም። እሸቱን ቢያስረክቡ ዛሬ ማታ ተገላገሉ።

ዶሮ አልጋው ሥር ትጭራለች። ነጠላዋን ልትቀይር ሄዳ ያስጠበቀችን መጀመሪያ ተናገረች፤ ልጄ ትምህርት ቤት አለባት አለች፣ እፈራለሁ አለች። ማንም አልተቆጣትም። እኔም እፈራለሁ አለች ወርቄ፣ ያለ ቀልድ። ወርቄ ያለ ቀልድ ስትናገር የሰማሁት ዛሬ ነው።

አ.ብ. ተነሳች። ቅርጫቱን አነሳች፣ ቀዩን አልጋው ላይ ደፋች፣ በመዳፏ ገፋ ገፋ አድርጋ አሰጣችው። ወርቄ ተከተለች። ሌሎቹም። በመጨረሻ ያቺ የፈራችው፤ እያለቀሰች፣ ግን እኩል እያሰጣች።

ስም ቢኖርም ባይኖርም ይደርቃል አለች አ.ብ.። ያን ሰውዬ እንዲሁ በዪው።

ከመንገድ ደወልኩለት። አይሆንም አቶ ደገፉ። አስቢበት አለ። ታስቦበታል። ሴቶች ናቸው አለ፣ ነገ ይጸጽታቸዋል። ሲጸጽታቸው እኔ እነግርዎታለሁ አልኩ። በዚህ ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩም።

ጥቅ. 30፣ እሑድ

ከባንኩ ስልክ የለም። በእርግጥ እሑድ ነው። ቢሆንም ስልኩን ገልብጬ አየዋለሁ።

በረከት ደወለ። አዲስ ስም እናውጣ ይላል፣ ተመሳሳይ፣ አንድ ሆሄ የተጨመረበት። ማንም ልብ አይለውም። ገዢው ልብ ይላል አልኩ። ጆንያውም። እነሱም። ግትር ነሽ አለ። ነኝ። የአንተ ግንቦት እዚህ አድርሶኛል፣ ቢያንስ ግትር ልሁን። ሳቀ። ይቅርታ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

ዝናብ። በዚህ ወር! አልጋው ተሸፍኖ ይሆን? ደወልኩ። ገና ሳይጥል ሸፍነናል፣ አንቺ ባንክሽን ጠብቂ ተባልኩ።

ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። ፍርሃት ይመስላል፣ ግን ወደ ኋላ አይልም።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ባንኩ ደወለ። ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ባጃጁ ውስጥ ትዝ አለኝ፤ ይዘረፍ። (አልተዘረፈም። የጎረቤቴ ሻይ ቤት ሴትዮ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር፣ ሁለት ደንበኛም ኮፒ አድርጋልኛለች፤ አንዱ ጠማማ።)

ካርዱን ይዤ ተመለስኩ፣ ቁጥሩን አስገባሁ። አልተቀበለም። አንድ አሃዝ ዘልዬ ነው። እንደገና። ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ኔትወርክ አንተ፣ ዛሬ ብቻ። ዛሬ ብቻ።

ተከፈለ።

ግራጫው እንዳለ ነው። ጊዜ ይወስዳል ይላል። ይውሰድ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ጠዋት። ብርቄና እህቶቿ። የድሮው ፈገግታ ፎቶ፣ እንዳለ። ኳስ የለም። ማሽኑ ላይ ተደግፌ ቆምኩ፣ ሞቃት ነው፣ አልተላቀቅኩም።

የኢሜይል ሣጥኑም ተከፈተ። ቀትር ላይ ገዢው ጻፈ። አንድ መስመር፦ አላችሁ? አለን ብዬ መለስኩ። የተቆጡበትን ፎቶ አያያዝኩለት።

ዱመርሶ ደወልኩ። በድምፅ ማጉያው እልልታ። ወርቄ፣ ቁማሩን ዘጋችሁብኝ ወይ ትላለች።

አሁን ሱቁ ጸጥ ብሏል። በድርጅቱ ገጽ ላይ ባለቤት የሚለው ቦታ ፊት ተቀምጫለሁ። የእኔ ስም ነው ያለበት። የእኔ ስልክ፣ የእኔ ሱቅ። ወሩን ሙሉ በገዛ ደጄ ቆምኩ ስልህ ነበር። የማን ደጅ?

ወደ አ.ብ. ላዙረው ስለው በረከት ተዪው ይላል። እሷ ፈረንጅኛ አታነብም፣ የሚላከውን ማን ያያል? እኔ አያለሁ። ማየትና ባለቤትነት ግን ይለያያሉ።

ስሜን አጠፋሁ። ብርቄ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ ስም ጠየቀ። በማኅበር መዝገብ፣ በቀበሌ፣ በየትም የምትጻፈው በሟች ባሏ ስም ነው፣ የእገሌ ሚስት ተብላ። የትኛውን ላድርግ ብዬ ደወልኩ። አልጋው ላይ ቡና እያገላበጠች ነው፣ ሲንኳኳ ይሰማኛል። አላሰበችም።

«የአባቴን ጻፊ። የባሌን ይበቃል፣ ሲጽፉልኝ ኖረዋል።»

ብርቄ ዋቆ። አስገባ የሚለውን ተጫንኩ።