ሰላምታ አይቆጠርም ላሉን ለስልክ ቤቱ አስተርጓሚ

ለተከበሩ ለአቶ የሽዋስ፣ ቡሬ ላይ ለተተከለው የጣልያን ስልክ አስተርጓሚና ገንዘብ ተቀባይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ካፖርትዎ፣ ጌቶችዎ ደህና ናቸው? እኔ ፊደል ያስቆጠርሁዎ የማንኩሳው መሪጌታ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ሰላምታዬን የማስረዝመው ወረቀት ስለማያስከፍል ነው። ከገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍሁትም ቢሮዎ ብመጣ እንደ ልማድዎ ነገ ይመለሱ እንዳይሉኝ ሰግቼ ነው።

አንደኛ፤ እናቴ እመት ወለተ ሐና ታመው፣ ደብረ ማርቆስ የተዳረች ልጄን እህተ ማርያምን ሳላይ አልሙት ባሉ ጊዜ፣ ወደ እህቴ እግረኛ መልእክተኛ ልልክ ስንቁን አሰናድቼ ነበር። እርስዎ ግን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ የኔታ፣ እግረኛ አራት ቀን ይፈጅበታል፣ ስልክ ወዲያው ነው፣ ዋጋውም ሁለት ብር ብቻ ነው አሉኝ። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ከደጅዎ ሦስት ቀን ቆሜ ፀሐይ ስላሞቁኝም እንዲሁ።

ሁለተኛ፤ ጊዜው እንዳያልቅብኝ ስጠይቅዎ፣ ሰላምታ አይቆጠርም፣ እንደ አገራችን ወግ ያድርሱ አሉኝ። አመንሁ። ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት የተጠራችው እህቴ እንዴት ናችሁ ስትለኝ ደህና አልሁ። እናታችንስ ስትለኝ፣ ክፉ ወሬ ከሰላምታ ፊት አይነገርምና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ተጠያይቀን ወደ ነገሬ ልገባ ስል መስመሩን ቆረጡት። እግርዎ ላይ ወድቄ ብለምንዎ፣ ተረኛ ይግባ አሉ።

ሦስተኛ፤ የማይቆጠረው ሰላምታ ተቆጥሮ ሁለቱ ብር ስድስት ሆነ፤ ጊደሬን ሸጬ ከፈልሁ። በጊደሬ ዋጋ ለእህቴ የደረሳት ቃል ሁላችን ደህና ነን የሚል ነው።

በማግስቱ እግረኛውን ሰደድሁ። እናቴ ደጅ ደጁን ሲያዩ ቆይተው በሰባተኛው ቀን ዐረፉ፤ እህቴ ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ደረሰች። ደህና ናቸው አላልኸኝም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እግረኛውን አስቀድሜ ሰድጄው ቢሆን ትደርስ ነበር።

ከባዕድ ቢመጣ ባልከፋኝ። እርስዎ ግን የእናቴን ቆሎ ከእጃቸው እየቆረጠሙ ፊደል የቆጠሩ ልጅ ነዎት፤ ወጋችንንም ከኔ እኩል ያውቁታል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው። አንጀቴ አሯል፣ አቶ የሽዋስ።

ደጅ ጠኚዎ፣ ስድስት ብር ከፋይዎ፣ የቀድሞ የኔታዎ፣
መሪጌታ ክንፈሚካኤል
ማንኩሳ፣ መጋቢት ፲፱፻፴

ሳልረሳው፤ ዋናውን ነገር እንደ ወጋችን ከሰላምታው በኋላ አድርጌዋለሁ፤ ወረቀት ከመሐል ስለማይቆረጥ እስከዚህ ይደርሳሉ ብዬ ነው። እናትዎ እመት ቻይነሽ ከሰኞ ጀምሮ አልጋ ይዘዋል፤ የሽዋስን ጥሩልኝ ይላሉ። ይህን ለመንገር አላስከፍልዎትም። ፈጥነው ይድረሱላቸው።