ከተዘጋችው ደሴት የወጣ ጭስ

ውድ ኪሪፊ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው፤ አትኩራራበት።

መርከቧ ባመጣችልን ጋዜጣ ላይ ፎቶህን አየነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቀህ «የማታፉ ደሴት አለቃ ልጅ» ተብለህ ቆመሃል። አባትህ ታንኳ ጠጋኝ ነበር እኮ! እዚህ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ፓሴሊዮ ደግሞ «የአለቃ ልጅ መሆኑን ቀድሞ ቢነግረን አሳማዎቻችንን አሰልፈን እንቀበለው ነበር» አለ።

ንግግርህንም አነበብነው። ቅድመ አያቶቻችን ኤሊን ያመልኩ ነበር ብለሃል። ማን ነገረህ? ድሮ ሰው አፋኞች በመርከብ መጥተው ጉልበት ያለውን ወንድ ሁሉ ለባርነት ጭነው ሲሄዱ የቀሩት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሚያጠምድላቸው አልነበረም። ከባሕር የወጣ ነገር መጀመሪያ ባል ለሌላት፣ ከዚያ ለየቤቱ ይከፋፈል የተባለው ያኔ ነው። ኤሊ ደግሞ ሥጋዋ ብዙ ስለሆነ ማንም ለብቻው እንዳይነካት ተባለ። አምላክ ስለሆነች ሳይሆን ሆድ ስላለን ነው። አባትህ ከሞተ በኋላ አንተም ያደግከው በዚያ ድርሻ ነው።

አምና ፈረንጆችህን አስከትለህ መጥተህ «ወፎቻችሁን ጠብቁ» ብለህ ሰበክኸን። ለቀባሪው አረዱት! ከመንደራችን ማዶ ያለችውን ትንሿን ደሴት የዘጋናት እኛው ነን። ጎጆ ሳይሠራ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንቁላሉን የሚያስቀምጠው ነጩ ወፍ እንዳይበረግግ፣ ሸርጣኑም እንዲራባ፣ ሽማግሌዎቹ የኮኮናት ቅጠል አስረው ከልክለዋታል። ያንን ቅጠል ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ከዚያች ደሴት ጭስ ወጣ። ወፎቹ ሰማዩን ሞልተው ይጮኻሉ። ምንጣፍ የሚሠሩት ሴቶች «የማን ጅል ነው?» ብለው ሲሳሳቁ እናትህ ብቻ ሥራዋን ትታ ጭሱን ቆማ አየች። ወንዶቹ ቀዝፈው ሲደርሱ የኤሊ ቅርፊት፣ የሸርጣን እግርና የተሰባበረ እንቁላል አገኙ። አንተም ከእንግዶችህ ጋር እሳቱ ዳር ተቀምጠህ ከንፈርህን እየጠረግህ፦

«እንግዶቹ አያውቁም እኮ! ምን ታካብዳላችሁ?» አልክ።

«እነሱስ አያውቁም ልጄ» አለህ ፓሴሊዮ። «አንተስ?»

ለይቅርታ የተፈለገብህ ቀላል ነበር፤ ምንጣፍ ተከናንበህ ሽማግሌዎቹ ፊት መሬት ላይ መቀመጥ፣ ምንጣፉን እስኪያነሱልህ መጠበቅ። ሰካራሙ ቲዮኒ እንኳ ስንት ጊዜ ተቀምጧል። አንተ ግን ፈረንጆቹ እንዳያዩህ አፈርክና መርከብህ ላይ ወጣህ። ያልተቀመጠ ሰው ዕዳው ለቤቱ እንደሚተርፍ እያወቅህ ሄድክ። ወይ አንተ ተመልሰህ ትቀመጣለህ፣ ወይ ቤትህ ይክድሃል፤ እስከዚያ ለቤትህ ድርሻ የለም።

ዓሣ በተከፋፈለ ቁጥር እናትህ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። የየቤቱ ስም ሲጠራ የእሷ ይታለፋል። «አክስቴ፣ ከእኔ ውሰጂ» ብላት «ደብቀሽ የሰጠሽኝን አልበላም፤ ለቤቴ አንድ ሌባ ይበቃል» አለችኝ። በጎደሬና በኮኮናት ብቻ ከሳች። አንተን ግን አልካደችም። «ይመጣል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። እኔ ስለ አንተ ስትዋሽ መስማት ሰለቸኝ። ናቅሁህ፣ ኪሪፊ።

ባለፈው ቅዳሜ ያንን ጋዜጣ ራሷ ይዛ ወደ ክፍፍሉ መጣች። ፓሴሊዮ ቀስ ብሎ በስሟ ጠራትና «አሜ፣ ልጅሽ ይመጣል?» አላት።

ተነሳች። ፎቶውን አንዴ አየችው።

«ይሄ የአለቃ ልጅ ነው» አለች። «እኔ ያገባሁት ታንኳ ጠጋኝ ነው። ልጅ የለኝም። ድርሻዬን ስጡኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። የሰጧትን ዓሣ ቤቷ ወስዳ አበሰለችው፤ ግን አልጎረሰችም። ለእኔ አቀረበችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። እኔም አልበላሁትም።

አሁን ብትመጣ የሚከስህ የለም፤ አትፍራ። እንግዳ እዚህ አይሰደብም። አክስቴ ራሷ የአበባ ጉንጉን ታጠልቅልሃለች፣ ኮኮናት ከፍታ ታጠጣሃለች፣ ከዚያም እንደማንኛውም እንግዳ ስምህን ትጠይቅሃለች።

ሉታ