ከአጥሩ ሥር የቀሩት ሦስት ቡቃያዎች

ለገመዳ፤

ለፍልሰታ ሱባዔ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቻለሁ፤ እስክትነቃ አልጠበቅሁም። የምመለሰው ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ነው።

የጎርፉን ቦይ በየማለዳው ጥረግ፤ አለዚያ ውኃው የጎመኑን መደብ ያጥበዋል። ከቀበሌ መጥተው ከስብሰባ ለምን ቀረ ብለው ከጠየቁህ የሄድሁበትን በእውነት ንገራቸው፤ ስለ እኔ ብለህ መዋሸት አይገባህም።

ትናንት ከአጥሩ ሥር ያለውን ጥግ ስታርም ባገኝህ «ጋሼ፣ አረም እኮ ነው!» አልኸኝ። አረም አልነበረም። ሳያብብ የነቀልኸው አደይ ነው። ባለቤቴ የማርያምወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዘራችው ነው፤ በየክረምቱ ከረገፈው ዘር ይበቅላል። ለእንቁጣጣሽ ከዚያ ቀጥፌ ወደ መቃብሯ እወስዳለሁ። መምህር ልትሆን ኮተቤ የምትማር ሰው ሳይጠይቅ እጁን አይሰድም!

ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጡ በአጥሩ በኩል «ኧረ መምህር፣ ለአረም ይለቀሳል?» ብለው ሲስቁብኝ፣ በፊታቸው ደንቆሮ አልሁህ።
ቃሉ ከጥፋቱ በዛ።
ወደ ቤቴ ከመጣህ ስድስት ወርህ ነው፤ ሲያብብ አላየህም፤ እኔም አልነገርሁህም።

ከአጥሩ ሥር ሦስት ቡቃያዎች ተርፈዋል፤ በድንጋይ ከብቤያቸዋለሁ። አትንካቸው።

መኮትኮቻውን ትናንት በንዴት ቆልፌበት ነበር።
ቁልፉን በዚህ ወረቀት ላይ ትቼልሃለሁ።

ሣህሌ