ትን ያለው ሞተር ሳይክል

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ እንቅፋት አይምታህ፤ ያየህ ሁሉ ይውደድህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴንም ተሽሎኛል።

አባትህ ግን ከዚያ አሮጌ ሞተር ሳይክሉ ጋር ተጣልቶ ሰነበተ። መነሳቱን ይነሳል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ይንተፋተፍና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ካንዴላ ቀየረ፤ ካርቡራተሩን ፈቶ በእኔ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው፤ ወይ ፍንክች! መካኒኩ «ጋሼ፣ አርጅቷል፤ ይሽጡት» ቢለው ተኮራርፈው ተለያዩ።

እኔ በመስኮት «አንተ ሰውዬ፣ ትን ብሎት እኮ ነው! ልጃችን ሕፃን ሳለ ወተት ሲጋት ይለው እንደነበረው» አልኩት።

«ሞተር ደግሞ ትን ይለዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ ሲከነክነው ግን የአየር ማስገቢያውን ከፈተ። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ስፈልገው የኖርኩትን ያንተን ሰማያዊ ካልሲ! ለካ አንተ የሄድክ ሰሞን አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ራሱ ወትፎት ኖሯል።

አሁን ሞተሩ ሽምጥ ይጋልባል፤ አባትህም ከመካኒኩ ታርቋል። ካልሲውን አጥቤ ሳሰጣው ግን እስኪደርቅ ከአጠገቡ አልራቀም።

አንተም ስትበላ አትቸኩል። አምላክ በሰላም ያገናኘን። የካልሲው ጓደኛ እዚያ ካለ በፖስታ እንዳትልከው፤ ራስህ ይዘኸው ና።

እናትህ