በጅብ ሆድ ያልተፈታው ቋጠሮ

ሐረር፣ ግንቦት ማለቂያ

ነገሩ የተበላሸው ዳይሬክተራችን አቶ ደረጀ የመጀመሪያውን የማርማላታ ጠርሙስ አንስተው፣ ወደ መስኮቱ አዙረው ካዩት በኋላ፣ ተማሪዎቼ ፊት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣሉት ጊዜ ነው። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ቢሰበር ይሻለኝ ነበር። ዷ ብሎ ወደቀ።

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

አባባ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሬ በመግባቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሆዴ ሞልቶ አላስችለኝ ብሎ ነው። አሁን በወጉ ልጀምር። ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የድሬዳዋ ሙቀት እንደተባለው ሕመሙን አስታገሰልዎ ወይስ ያተረፉት ላብ ብቻ ነው? ወንድሜ ፍፁምና ባለቤቱ፣ ሕፃኗም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እጅግ በጣም ደኅና ነኝ። ይህን የጻፍኩት ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ደስታው ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መደወል ስትችል ለምን ትጽፋለች ይሉ ይሆናል። ስልክ ላይ «በይ እሺ የኔ ልጅ፣ ዋናው ጤና ነው» ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት ግን እጅዎ ከገባ እስከ ፊርማው ሳያነቡ አያስቀምጡም። ስለዚህ ዛሬ አያቋርጡኝም።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገርዎ። ምሳ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ ይጨርሱ።

ለአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ የቀረኝ የመጨረሻ ምዕራፍ የሰው ልጅ በአካባቢው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚያወራው ነበር። በረዶ የቀለጠበትን ነጭ ድብ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ሳስረዳ፣ ሰዒድ የሚባል ከገጠር ከሶፊ የሚመጣ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛ ይሄን ድብ ምን አደረግነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ድቡን አይቶት አያውቅም። የእኛ ጎረቤት ጅብ ነው።

እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሲመሽ በጀጎል ግንብ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች እየገባ፣ ሰው ከበሩ ላይ የጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ጠርጎ፣ ሳይነጋ ይወጣል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱኝ መንገድ ዳር አቁመው ያሳዩኝን ያስታውሳሉ? «ኩሱ ለምን እንደ ኖራ ነጣ? አጥንት ስለሚፈጭ ነው» ብለውኝ ነበር። እማማ ነፍሷን ይማረውና «ለሕፃን ልጅ የሚያሳየው አጣ!» ብላ ተቆጣችዎት። አባባ፣ የመጀመሪያው የባዮሎጂ ትምህርቴ ያ ነው። አስተማሪዬም እርስዎ ነዎት።

እናም ተማሪዎቼን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፈላና በር ውጭ ወዳለው ገደላገደል ወሰድኳቸው። ጓንት አድርገን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን የጅብ ኩስ ለቀምን። በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍነው፣ አጠብነው፣ በወንፊት አጣራነው። የማን እናት ወንፊት እንደሆነ ባይጠይቁኝ ይሻላል፤ አዲስ ገዝቼላቸዋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ እየጮኹ ይሸሹ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ መቆንጠጫውን ሊሻሙ ደረሱ። ፀጉር አገኘን። የአጥንት ስባሪ፣ የፍየል ሰኮና አገኘን። የቀረው ሁሉ ፌስታል ነው። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ፌስታል፣ እንደ ክር ተጠምዝዞ።

ጀጎል ውስጥ የምትኖረው ዘምዘም ከመሃሉ አንዱን በመቆንጠጫ አንስታ ትክ ብላ አየችው። ቋጠሮ ነበር። የጅብ ጥርስ አልፎበት፣ ሆዱ ውስጥ ከርሞ፣ እንደታሰረ ወጥቷል። «ቲቸር፣ ወላሂ ይሄ የእናቴ አስተሳሰር ነው» አለች። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። አያቷ ትርፍራፊውን በጣሳ አውጥታ ነበር ከበሩ ላይ የምትደፋው። እናቷ ንጽሕና ትወዳለች፤ ድመት እንዳይበትነው፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በፌስታል ቋጥራ ታስቀምጣለች። ጅቡ ደግሞ ቋጠሮ መፍታት አያውቅም። ከነፌስታሉ ነው የሚውጠው።

ይታይዎታል አባባ? ክፉ ሰው የለበትም። ንጹሕ ለመሆን ብለን ነው ጅቦቹን ፌስታል የምናበላቸው። የእናንተስ ቤት ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ይቋጥራል። እኔም እቋጥራለሁ። እርስዎ እንዲያውም ደግመው ነው የሚቋጥሩት፤ ጥንቃቄ ይወዳሉ።

ለወላጆች ቀን ዐውደ ርዕይ ጠርሙሶቹን ደረደርን። ከላያቸው ዘምዘም በትልቁ «ጅብ ያልፈታው» ብላ ጻፈች። ችግሩ የመጣው ከመካከለኛው ጠርሙስ ነው። ቋጠሮው ላይ ቀይ ዶሮ ታትሞ ይታያል። የማን ዶሮ እንደሆነ ሐረር ውስጥ የማያውቅ የለም። ፍፁምን ከቀጠሩት ከጓደኛዎ ከአቶ ኪዳነወልድ ሱቅ ዕቃ የገዛ ሁሉ ያንን ዶሮ አንጠልጥሎ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። የዐውደ ርዕዩን ሽልማት የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ አቶ ደረጀ ያንን ነው ወደ መስኮቱ አዙረው ያዩት። «ሰውዬው በገዛ ሽልማታቸው ሊሰደቡ ነው እንዴ የሚመጡት? ደግሞ ይሄ ሳይንስ ነው? ይሄ ኩስ ነው!» አሉ። የቀሩትንም ጠርሙሶች ጣሉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ሁለቱም ነው» አልኳቸው። አልወደዱልኝም።

ማታውን ለፍፁም ደውዬ የዶሮዋን ነገር ነገርኩት። በማግሥቱ አቶ ደረጀ ቢሮ አስጠሩኝ። ድምፃቸው እንደ ቅቤ ለስልሷል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማስተማሩን ትቼ ቤተ መጻሕፍቱን እንድይዝ ተወስኗል። ቅጣት እንዳልሆነ፣ ለጤናዬ ታስቦ እንደሆነ ደጋግመው ነገሩኝ። «አስም ቀልድ አይደለም፣ እህቴ። አንድ የሚያስቡልሽ ትልቅ ሰው ተጨንቀው ደውለውልኝ ነው። ከዚህ የአውሬ ነገር አርቅልኝ አሉኝ» አሉ። ያኔ ንዴቴ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። የደወሉት አቶ ኪዳነወልድ ናቸው፣ ለዶሯቸው ብለው ነው አልኩና ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያንን ቤተ መጻሕፍት ቢያዩት! ለሳምባ ተብሎ ሰው የሚላክበት ቦታ አይደለም። አንዱን መጽሐፍ ሳነሳ አቧራው ተነስቶ እንደ ሰው ቆመ። እያስነጠስኩ ጠረግሁ፣ እያለቀስኩ ጠረግሁ። ካለቀስኩ አይቀር ብዬም መስኮቶቹን ወለወልኩ።

ከዚያ ሰዒድና ዘምዘም ተውሰውት የማያውቁትን መጽሐፍ ሊመልሱ መጡ። ሰዒድ ቦርሳውን ከፈተ። ጠርሙሶቹ! አንድም አልጎደለም። «የጅቡን ሥራ ሠራሁ ቲቸር፤ ቆሻሻ ውስጥ ገብቼ ለቀምኩ» አለኝ። ዘምዘም ደግሞ አዳራሹን ዞር ዞር ብላ አየችና «ቲቸር፣ የዚህ ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች። እኔ ጋ ነዋ! አቶ ደረጀ በገዛ እጃቸው ነው የሰጡኝ። አባባ፣ ሰው ከክፍሉ ሲባረር ከክፍሉ የሚሰፋ አዳራሽ ይሰጠዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ትናንት የወላጆች ቀን ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ሰው ጥላ ፍለጋ ነው የገባው፤ ቆይቶ ግን ሰልፉ ግቢው ውስጥ ተጠማዘዘ። የዘምዘም እናት ቋጠሮውን ሲያዩ አፋቸውን ይዘው «አስተግፊሩላህ! እኔ እኮ ለንጽሕና ብዬ ነው» አሉ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ አንገቷን ደፋች። እናትየው ግን ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው «ሰማችሁ? ከዛሬ ጀምሮ በጣሳ ነው። የምትቋጥር ካለች በሯ ላይ መጥቼ ነው የምፈታባት!» ብለው አስታወቁ። ሴቶቹ ተሳሳቁ፤ አንዷ ግን «እውነቷን ነው» ስትል ሰምቻለሁ።

በዚህ መሃል አቶ ኪዳነወልድ ገቡ። አቶ ደረጀ ከኋላቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ሰውዬው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ጠርሙሱን አዩት፣ አዩትና «ዶሮዬን ጅብ በላት!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዘምዘምን «ይሄን የበላው ጅብ ሞቷል?» ብለው ጠየቋት። መልሷን እንደ ወረደ ልጻፍልዎ፦ «አላውቅም፣ አባባ። እኛ ያየነው የወጣውን ነው። ሆዱ ውስጥ የቀረውን ገና አላየንም።»

ክፍል ውስጥ እንዲህ ብዬ አስተምሬያት አላውቅም። ከራሷ ነው ያመጣችው። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገርዎ! እጄን የምጥልበት አጣሁ።

አቶ ኪዳነወልድ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው «ይቺን ነው የደበቅኸኝ? የዶሮዋን ነገር ዛሬ ነው የማየው፤ የነገረኝም የለ!» አሏቸው። ሸራ ከረጢት ስለማሰፋት እንደሚያስቡበት ነገሩኝ። ያደርጉት እንደሆነ እናያለን፤ እኔ አልለቃቸውም። ደግሞ እጄን ይዘው «አባትሽን ሰላም በዪልኝ። ፍፁም ባይኖር የድሬው ሱቄ አንድ ቀን አያድርም» አሉኝ። ይህን በተለይ እንዲያነቡት ነው የጻፍኩት። ፍፁም ሥራው ላይ ነው። ማንም አልነካውም፤ ሊነካውም ያሰበ የለም።

ሰዉ ሲበተን አቶ ደረጀን ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ታዲያ የደወሉልዎት ማን ናቸው?» አልኳቸው። ጫማቸውን አዩ። ስም ላለመናገር ቃል መግባታቸውን፣ ሰውዬውም የማይጠሉኝ ሰው መሆናቸውን ነገሩኝ። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

የአስሜን ነገር በዚህ ትምህርት ቤት ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም። ከትንሽነቴ ወዲህ ተመልሶብኝም አያውቅም። ያኔ ሲያፍነኝ በጀርባው አዝሎኝ ሐኪም ቤት ድረስ የሮጠ ሰው ነበር። የጃኬቱን ሽታ እንኳ ዛሬም አውቀዋለሁ። ያ ሰው አንድ ቀን ክፉ ያስብልኛል ብዬ አላስብም። ለልጆቹ ሁሉ ሲፈራ የሚኖር ሰው ነው። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ሰኞ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። አቶ ደረጀ ተመለሺ ሳይሉኝ በፊት እንደምመለስ ነግሬያቸው ነበር። ቁልፉን ግን አልመልስም። ቋጠሮዋን እንዲያዩዋት ልልክልዎ አስቤ ዘምዘም አሻፈረኝ አለች፤ የቋጠሮዋን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ለሚኒባሱ ሹፌር ሰጥቻለሁ።

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። የልጅ ልጅዎን ድረው ለማየት ያብቃዎ። ለክረምት ሲመጡ ፈላና በር ውጭ አብረን እንሄዳለን፤ ዘንድሮ የማሳይዎት እኔ ነኝ።

ሲፈሩልኝ ለእኔ ይደውሉልኝ፤ ስልኬ አልተለወጠም። እቆጣ ይሆናል፣ እሰማዎታለሁ ግን። ከእንግዲህ የማልቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ታስቦ፣ ከእኔ ተደብቆ፣ በእኔ ላይ የሚቋጠር ነገር። ከጠላት ቢመጣ አልቀበልም። በምድር ላይ ከሁሉ አብልጬ ከምወደው ሰው ቢመጣም አልቀበልም።

ልጅዎ