አምስት ኮከብ ያለው ተከራይ

ጥር 3

የተለየ ነገር የለም። ጠዋት ቡናውን ሸራው ላይ ዘረጋሁ። ከሰዓት ደመና መጣ፣ ሰበሰብኩ። ደመናው ሄደ። መልሼ ዘረጋሁ። ላምያ በመስኮቷ አይታ፣ "እትዬ ወሰን፣ ዛሬስ ቡናውን ሽርሽር ወሰዱት" ብላ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም።

ጥር 5

አመሻሹ ላይ ላምያ ስልኳን ይዛ መጣች። የአጋሮ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ታጠናለች፤ የኋለኛው ክፍሌ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ለመመረቂያዋ አፕ እየሠራች ነው። ነገሩ እንዲህ ነው... ተማሪ ለልምምድ ሌላ ከተማ ሲሄድ ክፍሉ ባዶውን ይቀመጣል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ሌላው ተማሪ ደግሞ ለሁለት ወር ብቻ ክፍል ፈልጎ ያጣል። አፑ ሁለቱን ያገናኛል። ተከራይ ለተከራይ ያከራያል፣ አከራይዋም እያወቀች።

"ዋናው ግን ደህንነቱ ነው" አለች። "ልጆቹ ቴሌግራም ላይ ያዩትን ክፍል በሩን እንኳ ሳያዩ ይገባሉ። እርስዎ ቢሆኑ፣ አንዲት ሴት ልጅ ክፍል ልታይ ስትመጣ መጀመሪያ ምኑን ትመልከት ይላሉ?"

አሰብኩ። "መቀርቀሪያውን። ከውስጥ ነው ከውጭ?"

ጻፈችው። "ሌላስ?"

"እስከ ሽንት ቤቱ መብራት አለ ወይ?"

"ሌላስ?"

"የግቢው በር ቁልፍ ስንት ሰው እጅ ላይ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ይዘው ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያሉኝ?"

ማን ጠየቀኝ?

ጥር 6

የአፑን ደንብ እንዳነብላት ሰጠችኝ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ባሌ ዕቃ ተጠቅልሎባቸው በሚያመጣቸው ጋዜጦች፣ በራሴ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ መተው አልችልም። የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን።

መሃል ላይ ስደርስ፣ "ተገልጋዩ ክፍሉ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ቀበቶውን ማሰር ይኖርበታል" ይላል።

"ላምያ፣ ክፍሉ ወዴት ነው የሚንቀሳቀሰው?"

ስልኩን ነጥቃኝ አየች። ፊቷ ቀላ። የታክሲ አፕ ደንብ ገልብጣ፣ "መኪና" የሚለውን ሁሉ በ"ክፍል" ተክታው ኖሯል።

"ደንብ የሚያነብ ሰው የለም እኮ እትዬ!"

እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ? ስለ ቤት እንስሳ የሚለው ግን ደህና ነው፤ ውሻና ድመት ይከለክላል። እሱን ይቀመጥ አልኳት።

ጥር 8

ባየ ደላላው መጣ። ላምያ ለሁለት ወር ልምምድ ወደ ቴፒ እንደምትሄድ ሰምቷል። ይህ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። ሞተሩን በር ላይ አቁሞ ለክፍሉ ሰው ላምጣ ሲለኝ ላምያ ከውስጥ ብቅ አለች።

"ጋሽ ባየ፣ ከእንግዲህ በአፕ ነው።"

"አፑ ተከራዩን ያውቀዋል?"

"አከራዮች ለተከራዮቻቸው ኮከብ ይሰጣሉ። ከአንድ እስከ አምስት። ኮከቡ ሲበዛ ጥሩ ሰው ነው ማለት ነው።"

"እኔ የልጁን አባት አውቃለሁ። የአባቱን በቅሎ ሳይቀር አውቃለሁ!"

"በቅሎ አናስገባም።"

ባየ ወደኔ ዞረ። "እርስዎስ እትዬ ወሰን፣ ሰው በስልክ ሊያስገቡ ነው?"

ቡናውን ማገላበጥ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ደስ ብሎኛል። ስለ ሰው ሰው መጠየቅ አልወድም። ስልክ ማየት ይቀላል።

ጥር 9

ላምያ ከአከራይ ቤት አከራይ ቤት እየዞረች ኮከብ ስትሰበስብ ዋለች። ከገበያው በላይ ያለችው አስካለች ለአምስቱም ተከራዮቿ ሰጥታለች። "እንዴት ያለች ፈጣን ሴት ናት! ለልጇ ሠርግ ጌሾ እየወቀጠች፣ በአንድ ጣቷ ጠቅ ጠቅ አድርጋ መለሰችልኝ። ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም" አለች።

አፑን በኔም ስልክ ላይ ጫነችው። የክፍሏ ፎቶ አለበት። መቀርቀሪያውን ለብቻው አንስታዋለች፤ ትልቅ ሰው መስሏል።

ጥር 10

ሄደች። ግቢው ያለ ላምያ ጭር አለ። አልነገርኳትም እንጂ...

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱን ሸኝቼ ስገባ ስልኩ ድምፅ ሰጠ። ክፍሉን ሁለት ሰው ጠይቋል፤ ሁለቱም ከአስካለች ቤት የሚለቁ። ፍሬአብ፣ የእርሻ ተማሪ፣ አምስት ኮከብ። አቢጊያ፣ የነርስ ተማሪ፣ አንድ ኮከብ።

አንድ! ምን ብታደርግ ነው? ሰርቃ ይሆን?

ሴት ልጅ ብትሆንልኝ እመርጥ ነበር። ግን አምስት ኮከብ አምስት ኮከብ ነው። የፍሬአብን "ተቀብያለሁ" ተጫንኩ። የአቢጊያን ዝም አልኩት። "ዝም" የሚል ቁልፍ የለውም፤ ግን ይቻላል።

ጥር 12

ፍሬአብ ገባ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ዕቃው አንድ ፍራሽ፣ ጥቂት ደብተር፣ ትልልቅ ካርቶኖች። ካርቶኖቹ ጎናቸው ተበሳስቷል። ለምን ይሆን? አልጠየቅኩም።

ጥር 13

ካርቶኖቹ ይጮኻሉ።

ጫጩት ነው። ምናልባት መቶ፤ ዝም ብለው አይቆሙም እንጂ። ላምያ የምትሰግድበት ጥግ ላይ ትልቅ አምፖል ሰቅሎ ሥሩ አስፍሯቸዋል።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰው ክፍል ነው።"

"ፕሮጀክቴ ነው እትዬ። ደግሞ ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ የሚከለክለው ውሻና ድመት ነው።"

አንብቦታል! ከኔ ሌላ ደንብ የሚያነብ ሰው በሚዛን ከተማ ተገኘ፤ እሱም ይኸው። ምን ልበለው? ያንን መስመር "ደህና ነው፣ ይቀመጥ" ያልኩት ራሴ ነኝ።

ጥር 14

በር ተንኳኳ። ቀጭን ልጅ፣ ነጭ ጋዋን በክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች።

"አቢጊያ እባላለሁ። አፑ ላይ ጠይቄዎት ነበር... ክፍሌ ለሙሽሮች ስለተፈለገ ነገ እለቃለሁ። ሰው ሁሉ ዝም አለኝ። ሌላ ካላገኘሁ አገሬ ጌጫ መመለሴ ነው። የሆስፒታል ልምምዴ ገና መጀመሩ ነበር፤ ካቋረጥኩ ዓመቱን እደግማለሁ።"

"ተይዟል" አልኩ።

ከኋላዬ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። በትከሻዬ በኩል አየት አደረገች። "እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች።

እውነት ነው፣ ተይዟል። ታዲያ ከመንገዱ እስክትታጠፍ በሩ ላይ ለምን ቆምኩ?

ያኔም "ተይዟል" ነበር ያልኩት። ባሌ ብርሃነመስቀል በሕይወት እያለ። ልጅቷ ከማጂ ነበር የመጣችው፣ ዝናብ መትቷት። ስለ እሷ አንድ ነገር ተወርቶ ሰምቼ ነበር። ክፍሉ ባዶ ነበር። በኋላ ማደሪያ አጥታ ትምህርቷን መተዋን ሰማሁ፤ የተወራው ውሸት መሆኑንም። ለባሌ "ሰው አልመጣም" አልኩት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ጥር 15

ጠዋት ባየ መጣ። የጫጩቶቹን ድምፅ በአጥር ሰምቶ።

"ፍሬአብ እዚህ ነው እንዴ? አስካለች በዶሮ ምክንያት ያባረረችው?"

"አምስት ኮከብ ሰጥታዋለች" አልኩ።

"አስካለች? ስሙ ሲነሳ የምታማትበው?" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "ቆይ... ስንት ተከራይ ነው ያላት?"

"አምስት።"

ተያየን። ደወለላት፤ እኔም እንድሰማ ስልኩን መሃላችን ያዘው።

"አስካለች፣ ለልጆቹ ኮከብ እንዴት አድርገሽ ነው የሰጠሻቸው?"

"እንዴት ይሰጣል? በደረጃ ነዋ! አቢጊያን አንደኛ አደረግኳት። ያንን ዶሮ አርቢ አምስተኛ። ስድስተኛ ብፈልግለት ስልኩ የለውም!"

"አቢጊያ አለች?"

"አሁን ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። አልቅሼ ነው የሸኘኋት። አንደኛ ወጥታ እንዴት አንድ የሚቀበላት ሰው ይጠፋል? ይሄ ከተማ ምን ሆኗል?"

"ይውጡ" አለኝ ባየ። ሞተሩ ላይ!

እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በደላላ ሞተር... ወጣሁ። በጎን ተቀመጥኩ። "አጥብቀው ይያዙ!" አለ። ምኑን? ደላላውን? ያዝኩት። ቁልቁለቱ ላይ ስልኩ ጠራ። አነሳው! "ሁለት ክፍል አለኝ፣ ውሃ በየቀኑ ይመጣል..."

"ባየ! መንገዱን እይ! ደግሞም ውሃው በየቀኑ አይመጣም!" ብዬ ጮኽኩ። ባጃጆች ቆመው አዩን። እንዲህ የጮኽኩት መቼ ነው? አላስታውስም።

መናኸሪያ ስንደርስ ወደ ጌጫ የሚወስደው መኪና ሞልቶ እየተነሳ ነበር። ጎኑን በመዳፌ ደበደብኩት።

"እናት፣ ሞልቷል!" አለ ረዳቱ።

"ልሳፈር አይደለም፣ ላወርድ ነው!"

አቢጊያ መስኮቱን ከፈተች። የምለውን አላዘጋጀሁም። መኪናው ሙሉ ሰው ያየኛል።

"ልጄ... ክፍሉ የእውነት ተይዟል። በጫጩት። ግን ቤቴ ውስጥ ሌላ ክፍል አለ፣ መጻሕፍቴን ያስቀመጥኩበት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው።"

"ትናንት የመለሱኝ ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም። አስካለች ኮከቡን በደረጃ ሰጥታው ነው። አንድ ያለችው አንደኛ ለማለት ነው። እኔም አየሁና ዝም አልኩሽ... ልጠይቅሽ ይገባ ነበር።"

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ነች ነገሩን የጨረሰችው። "አንቺ ልጅ፣ አንደኛ ወጥተሻል እያሉሽ ነው! ውረጂ፣ መኪናው ይሂድበት!"

ወረደች። ሻንጣዋን ባየ ሞተሩ ላይ ጫነው፤ እኛ በእግር ተመለስን። ኮሚሽን አልጠየቀም። "እስቲ ይሄን ደግሞ በአፕ ይሞክሩት!" ብሎን አቧራውን አልብሶን ሄደ።

ጥር 17

አቢጊያ ፍሬአብን ተቆጣችው። "ይሄን ሁሉ ነፍስ በአንድ ጠባብ ክፍል? ታፍነው ሊያልቁብህ ነው!" የድሮውን ማድቤት ፈቀድኩለት፤ ጫጩቶቹን አሻገረ። ከዚያ "ብቻቸውን አይለምዱም" አለና ፍራሹን ተሸክሞ ተከተላቸው። የላምያ ክፍል አሁን ባዶ ነው። አምስት ኮከብ ያለው ተከራዬ ማድቤት ውስጥ ይኖራል።

ለላምያ ደውዬ ነገርኳት።

"ሌሎቹ አከራዮችስ?"

ባየ ዞሮ ጠይቋል። ገሚሶቹ በደረጃ ነው የሰጡት። አንዷ ደግሞ ኮከቡ ሲበራ ያምራል ብላ ለሁሉም አምስት አምስት አብርታለች።

"አለቀልኝ" አለች። ልታለቅስ ነው። "እሺ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?"

"'ተመልሳ ብትመጣ ታስገቢያታለሽ?' በያቸው። አዎ ወይም አይ። ከዚያ 'ለምን?' በያቸው። በራሳቸው አፍ ይናገሩ።"

"እርስዎ ይጠይቁልኛል?"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

የካቲት 6

አሁን አፑ ኮከብ የለውም፤ ላምያ አቢጊያንም የኔ የሁለት ወር ተከራይ ብላ መዝግባታለች። እየዞርኩ የአከራዮችን ድምፅ እቀርጻለሁ። የመጀመሪያው ቀን በር አንኳክቼ፣ ሲከፈትልኝ የመጣሁበት ጠፋብኝ፤ "ደህና ዋላችሁ" ብዬ ተመለስኩ። አሁን ለመድኩት። አስካለች ስለ አቢጊያ ተጠይቃ ስለ ምራቷ ተናገረች፣ ረጅም። ላምያ ቆርጣ አወጣችው። አንዲት እናት በቤንችኛ አወሩልኝ፤ ፍሬአብ ከጫጩቶቹ መሃል ሆኖ ተረጎመልኝ። ጎበዝ ነው። ቢሸትም።

ባየም አፑ ውስጥ ገብቷል። ክፍሎቹን እየዞረ መቀርቀሪያና መብራት ያያል፣ ቁልፍ ማን ማን ጋ እንዳለ ይጠይቃል። ከስሙ ሥር "አጣሪ" ተብሎ ተጽፎለታል። ያልጠየቀውን ሰው ሁሉ ያሳያል።

መጋቢት 15

ላምያ ተመለሰች። ክፍሏን ከፍታ አየሩን ሳበች።

"እትዬ፣ ዶሮ ዶሮ ይላል።"

"ያልታጠበ አምስት ኮከብ ነው" አልኳት።

አቢጊያ እስክታነባ ሳቀች። ቀልድ ነገርኩ ማለት ነው? ሦስታችን በር ላይ ተቀምጠን ስናወራ ፀሐይዋ ገባች። ያው አፌ አልዘጋ ብሏል ሰሞኑን።

ስልኬ ድምፅ ሰጠ። አፑ ነው። "የአቢጊያ ሁለት ወር አልቋል። ተመልሳ ብትመጣ ያስገቧታል?" ከሥሩ አዎ እና አይ። አየሁት፣ አየሁት። አንዱንም አልነካሁም። አቢጊያ ወሬዋን አቁማ እጄን ታያለች።

"ምነው እትዬ?" አለች ላምያ።

"ጥያቄው ልክ አይደለም። መቼ ወጣችና ነው የምትመለሰው?"

"እንደዚያ የሚል ቁልፍ እኮ የለውም።"

"ሥሪው ታዲያ።"