ከቱሉ ዋዴሳ ኮረብታ ስለተነቀሉት ችግኞች

ለጓድ ሀብተጊዮርጊስ
የወረዳው የደን ልማት ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መኪናዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ እመኛለሁ። መኪናዎን ያነሣሁት በድፍረት አይደለም፤ እኛ የአሰንዳቦ ሰዎች እርስዎን የምናየዎት በመስኮቷ በኩል ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ ቲጃኒ አባ ጨብሳ እባላለሁ፤ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋለሁ። በየስብሰባው «ሂስ ያለው ይናገር» ሲባል እግሬን እያየሁ ዝም ያልኩት ሁሉ ተጠራቅሞ ስለከበደኝ፣ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዬ ትንሽ ነው። ታላቅ እህቴ ለጢፋ ከቱሉ ዋዴሳ ኮረብታ ግርጌ አንዲት የጭቃ ቤት አለቻት። ባሏን የቀበረችው፣ ልጆቿን የዳረችው ከዚያች ቤት ነው። ቤቲቱ እንዳትወድቅባት እለምንዎታለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስን ግን እንዳይረሳ በቁጥር ላስቀምጠው።

1ኛ. በየካቲት 1976 ኮረብታው ሲቃጠል ስላደረጉልን ስብሰባ ምስጋናዬ ወደር የለውም። እኛ ባለማወቃችን እርጥብ ቅጠልና ዶማ ይዘን ወደ እሳቱ ስንሮጥ፣ ስለ እሳት ጎጂነት ገለጻ እንድንሰማ ከመንገድ መልሰው አዳራሽ አስገቡን። የአቋም መግለጫው ተነቦ እስኪጨበጨብለት እሳቱ ጫፉን ተሻግሮ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ጅቡ ሳይሄድ ውሻው ለስብሰባ ተጠራ።

2ኛ. ከቃጠሎው በኋላ ጅማ ካለው ኮሌጅ መምህር ነጋሳ የሚባሉ ሰው መጥተው አመዱን በጣታቸው ጫሩና ከሥሩ በሕይወት ያለ ሥር አሳዩን። ምንም አትትከሉ፣ ከብት ብቻ ወደ ኮረብታው አታሰማሩ፣ የቆሙትን ግንዶችም አትቁረጡ፤ ወፍና ጉሬዛ ዘሩን ያመጡላችኋል፣ ጥላውም እርጥበቱን ይይዝላችኋል አሉን። ሽማግሌዎቻችን ዱዓ አድርገው ኮረብታውን ለከብትና ለፍየል ዘጉት። እውነትም በመጀመሪያው ክረምት ብሳናው ብቅ አለ፤ በሁለተኛው ከብሳናው ጥላ ሥር ዋንዛና ሰሳ ተከተሉ። ለጢፋ በየማለዳው ወጥታ ታያቸው ነበር፤ ጠግባ አድራ የተነሣች ትመስል ነበር። መምህሩም ዛፍ ወደማይበቅልበት አገር በእድገት መዛወራቸውን ሰማን፤ እንኳን ደስ ያለዎት ልንላቸው አድራሻ አጣን።

በዘንድሮው ሐምሌ የእርስዎ ዘመቻ መጣ። የወረዳው ችግኝ ጣቢያ ያፈላው ችግኝ ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ደርቋልና፣ ኮታው እንዳይጎድል ከየቤቱ ችግኝ ይዋጣ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ችግኝ ከየት እናመጣለን ብለን ብንጠይቅ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደሬሳ እጃቸውን ወደ ቱሉ ዋዴሳ ዘረጉ። ወጣን፣ ነቀልን። ከሰኮሩ እስከ አሰንዳቦ ባለው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ከመኪና ለሚያይ እንግዳ ደስ እንዲል በሰልፍ ተከልናቸው። ሥሮቻቸው ተራቁተው ስለነበር በሳምንቱ ጠወለጉ፤ የተረፉትን የመንገድ ፍየል ጨረሳቸው። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ከቀሚስ መሃል ጨርቅ ቀድጄ ጠርዙን ብጥፍ ደንበኛዬ መቀሱን ከእጄ ቀምታ ታባርረኛለች። እርስዎ ግን ኮረብታ ሙሉ ደን ነቅለው ደን በማልማት ተሸለሙ። ሽልማቱን ሲቀበሉ ከኋላ ሆኜ አጨብጭቤያለሁ፤ ያላጨበጨበ ስሙ ይመዘገብ ነበርና።

3ኛ. ይህን ቁጥር ባለቤቴ ዙቤይዳ አንብባ ሰርዛዋለች። ልጆች አሉን አለች። ልክ ነች።

4ኛ. ኮረብታው ከተራቆተ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው እየተንደረደረ ይወርዳል። የለጢፋን የቡና ተክል እስከ ወገቡ ቀብሮታል፤ ባለፈው ጁምዓ ደግሞ ከበሯ ደርሶ ቆመ። ያቆመው ሌላ ነገር አይደለም፤ ከቤቷ በላይ ባለው ገደላማ ላይ፣ ለመውጣት ስለማይመች ያልተነቀለ አንድ ቀጭን የብሳናና የዋንዛ ቡቃያ መደዳ ብቻ ነው። አሁን ለመስከረም ሁለት በዓል እንግዳ ያልፋልና በደረቁት ምትክ እርሱም ይነቀል ተብሏል። እኔ ዘንድ ግቢ ብዬ ለመንኳት፤ አላህ ያለው ይሆናል፣ ከቤቴ ወዴት ልሂድ ብላ እንቢ አለችኝ። እርሷን ማስወጣት አልቻልኩም፣ የሚነቅሉትን ማቆም አልቻልኩም፣ ዝናቡንም ማነጋገር አልቻልኩም። ለጓድ ደሬሳ ነገርኳቸው፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ አሉኝ። ወረዳ ሄጄ ደጅ ጠናሁ፤ እርስዎ የደን ጥበቃ ሴሚናር ላይ ነዎት ተባልኩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው ለድሮው ሥርዓት ነበር፤ አሁን ንጉሡም ስለሌሉ ማንን እንደምከስ ጨንቆኛል።

ስለዚህ ዘመቻው ይቅር አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ያቺ አንዲት የቡቃያ መደዳ ብቻ ትቅርልን። ለእንግዳው ማሳያ ካስፈለገ እኔ ከአረንጓዴ ጨርቅ ቅጠል ሰፍቼ በመንገዱ ዳር በየእንጨቱ ላይ አስራለሁ፤ ክሩም የእኔ ነው። ከሚሮጥ መኪና መስኮት ልዩነቱ አይታይም፣ ፍየልም አይበላውም።

የእርስዎን ጊዜ በመሻማቴ እያፈርኩ፣ በሄዱበት ሁሉ ጥላ እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ ችግኝ ሲጠየቅ ነቅሎ የሚያመጣ፣ ጭብጨባ ሲጠየቅ የሚያጨበጭብ ታዛዥዎ፣

ቲጃኒ አባ ጨብሳ
ልብስ ሰፊ፣ አሰንዳቦ
ነሐሴ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ሱቄ በር ላይ ከነበረው ቅጂ ግርጌ ጨምሬ ልኬልዎታለሁ፤ የመጀመሪያውን በላክሁ በሦስተኛው ቀን ያ የቡቃያ መደዳ ተነቅሏልና መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። በጳጉሜን ዝናብ የሆነውን ከሰው ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ለጢፋ ለሱብሒ ሶላት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስለነበር አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለች፣ አሁን ስፌት መኪናዬ አጠገብ ትተኛለች። ትናንት ደግሞ ከኮሚቴዎ የምስጋና የምስክር ወረቀት ደረሳት፤ «ለደን ልማት ችግኝ በማበርከት ላደረጉት አስተዋጽኦ» ይላል፣ ማኅተሙም በጣም ያምራል። ከወረቀቱ ጋር የተላከው ትእዛዝ ከመኖሪያ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ለሚገባ ሰው በሚታይ ቦታ እንዲሰቀል ያዛል። ትእዛዙን ለመፈጸም ዝግጁ ነን፤ ግድግዳውን ይላኩልን።